የዶሮ መግል ለምን እንደ አይብ ይረጋል?

ጥያቄ፦ ደሴ አጠገብ ባለችው ሐይቅ ከተማ አካባቢ የምሠራ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ያበጠ የዶሮ እግር ስሰነጥቅ የሚወጣው መግል እንደ አይብ የረጋ ነው፤ የላም ግን ይፈሳል። የደም ስላይዱን በፐርኦክሲዴዝ ማቅለሚያ ብሞክርም ነጭ ሕዋሳቱ ቀለም አልያዙም። ማቅለሚያው ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አብሽሩ፤ የመግሉ መርጋትም ሆነ የሕዋሳቱ አለመቅለም ከአንድ ምንጭ የመጡ ናቸው። በዶሮ ደም የላሟን ኒውትሮፊል (ባክቴሪያ የሚገድል ነጭ ሕዋስ) ሥራ የሚሠራው ሄትሮፊል የተባለው ነጭ ሕዋስ ነው፤ በቅንጣቶቹ ውስጥ ግን ማይሎፐርኦክሲዴዝ፣ ማለትም ማቅለሚያው ቀለም የሚያወጣበት ኢንዛይም፣ የለም። ስለዚህ አለመቅለሙ ትክክል ነው። ትልልቆቹ፣ እንደ እንዝርት የሾሉት ቅንጣቶች ላይሶዛይም የተባለውን ኢንዛይም፣ በአሲድ ውስጥ የሚሠሩ ሌሎች ኢንዛይሞችን፣ እንዲሁም ባክቴሪያ ገዳይ ፕሮቲኖችን ይዘዋል፤ ላይሶዛይም በሁለተኛዎቹ ቅንጣቶችም ይገኛል። ባክቴሪያ መግደሉን ይችሉበታል፤ የሞተውን ሥጋ ማሟሟት ላይ ግን ደካማ ናቸው። መግሉ የሚረጋው ለዚህ ነው።

ማቅለሚያው መሥራቱን ለማወቅ የላም ደም ስላይድ አብረው ያቅልሙ። የላሙ ኒውትሮፊል ቀለም ከያዘ ማቅለሚያው ደህና ነው። በዶሮው ስላይድ ላይም ኢኦሲኖፊል የተባሉ ጥቂት ሌላ ዓይነት ነጭ ሕዋሳት ይቀልማሉ፤ እነሱን ሄትሮፊል ብለው እንዳይቆጥሩ። የላሙም እምቢ ካለ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይዱ አርጅቷል፣ ወይም ስላይዱ ቆይቷል። ለፐርኦክሲዴዝ ማቅለሚያ ሕዋሳቱን ስላይዱ ላይ ለማጽናት ሜታኖል አይጠቀሙ፤ ኢንዛይሙን ያደክማል። 1 እጅ ፎርማሊን ከ9 እጅ ኢታኖል ጋር ቀላቅለው ስላይዱን ለ1 ደቂቃ ይንከሩ፤ ከዚያ በውሃ ያለቅልቁ።

ለተራው የደም ማቅለሚያ ለጊምሳ ግን ሜታኖል ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይበቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ደሙ ሳይደርቅ ወይም እርጥበት በጠጣ ሜታኖል ከተነከረ እንዝርቶቹ ይሟሟሉ፣ መሐል ላይ ክብ ነጥብ ብቻ ይቀራል፤ ሄትሮፊሉም ኢኦሲኖፊል ይመስላል። ስለዚህ በደሴ ክረምት የሜታኖሉን ጠርሙስ ክፍት አይተዉ። ደሙን ከክንፍ ደም ሥር ወስደው ወዲያው ስላይድ ላይ ቢቀቡት ይሻላል፤ ደም እንዳይረጋ የሚጨመረው ሄፓሪን ሕዋሳቱን ያጓጉላል፣ ሰማያዊ ጥላም ያለብሳል።

እግሩን በተመለከተ፣ በመርፌ መሳብ ከንቱ ድካም ነው። አይቡ በመርፌ አይወጣም፤ መድኃኒትም ወደ ውስጡ በደንብ አይዘልቅም። ቆዳውን አጽድተው ይሰንጥቁ፣ ጠጣሩን ከነሥሩ ያውጡ፣ በጨው ውሃ ይጠቡት፣ ዶሮዋንም በደረቅ ጭድ ላይ ያቆዩ።