በኦፕ-አምፕ ሁለት ኢንፑቶች መሃል የገባ ሬዚስተር

ጥያቄ፦ ቲኤል072 የተባለ ኦፕ-አምፕ (የሁለት ኢንፑቶቹን ልዩነት እጅግ የሚያጎላ ቺፕ) ያለበት ኢንቨርቲንግ አምፕሊፋየር (ሲግናሉን ገልብጦ የሚያጎላ) እየመረመርኩ ነው። የግቤቱ ሬዚስተር 10 ኪሎ ኦም፣ የፊድባኩ (ከአውትፑቱ ወደ ማይነሱ ኢንፑት የሚመለሰው) 100 ኪሎ ኦም ነው፤ ፕላሱ ኢንፑት ግራውንድ (0 ቮልት) ላይ ነው። በሁለቱ ኢንፑቶች መሃል 1 ኪሎ ኦም ገብቷል። ሳሰላው ጌይኑ (የማጉላት መጠኑ) −10 ነው፤ 1 ኪሎው ስሌቱ ውስጥ የለም። ታዲያ ግቤቱን ከግራውንድ ሳገናኘው አውትፑቱ ላይ 330 ሚሊቮልት ግድም የሚታየው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ለሲግናሉ ስሌትዎ ልክ ነው። አውትፑቱ 5 ቮልት፣ ኦፕን-ሉፕ ጌይኑ (ኦፕ-አምፑ ያለ ፊድባክ የሚያጎላበት መጠን) 200,000 ቢሆን በኢንፑቶቹ መሃል የሚቀረው 25 ማይክሮቮልት ነው። በ1 ኪሎው የሚያልፈው 25 ናኖአምፔር ብቻ ይሆናል፤ በግቤቱ ከሚያልፈው 50 ማይክሮአምፔር አንጻር ከቁጥር አይገባም።

ኦፍሴቱ (ኦፕ-አምፑ ራሱ በኢንፑቶቹ መሃል የሚተወው ትንሽ የቮልቴጅ ልዩነት) ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ቲኤል072 3 ሚሊቮልት አካባቢ ኦፍሴት ሊኖረው ይችላል፤ ይህ በቀጥታ 1 ኪሎው ላይ ያርፍና 3 ማይክሮአምፔር ያስኬዳል። ያ ከረንት በ100 ኪሎው በኩል ካልሆነ መምጫ የለውም፦ 300 ሚሊቮልት። ያለ ሬዚስተሩም የሚኖረው 33 ሚሊቮልት (3 በ11 ተባዝቶ) ሲደመር 333 ይሆናል። 1 ኪሎውን ነቅለው ይለኩ፤ ወደ 33 ካልወረደ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

የኖይዝ ጌይን (ኦፍሴቱ የሚባዛበት ቁጥር) የሚባለው ይህ ነው፦ 10 ኪሎውና 1 ኪሎው በፓራሌል 909 ኦም ናቸው፤ 100,000 ለ909 ተካፍሎ 1 ሲደመር 111። ሳይገባ 11 ነበር። የራሱ የኦፕ-አምፑ ኖይዝም በዚሁ ይባዛል፤ የ3 ሜጋኸርዙ ባንድዊድዝ (በትክክል የሚያጎላው የፍሪኩዌንሲ ስፋት) ደግሞ ለዚሁ ቁጥር ሲካፈል ከ273 ወደ 27 ኪሎኸርዝ ይወርዳል።

ሆን ብሎ የሚያስገባው ሰው በዝቅተኛ ጌይን የሚወዛወዝ ኦፕ-አምፕ ለማረጋጋት ነው። ቲኤል072 በጌይን 1 እንኳ የተረጋጋ ስለሆነ እዚህ ጥቅሙ አይታየኝም። የግድ ካስፈለገ ከ1 ኪሎው ጋር 100 ናኖፋራድ በሲሪየስ ያስገቡ፤ ዲሲው ይቆረጣል፣ ኦፍሴቱም 11 እጥፍ ብቻ ይሆናል።

በኢንፑቶቹ መሃል ካፓሲተር ብቻውን (ያለ 1 ኪሎው) ግን አያስገቡ። 1 ናኖፋራድ ቢያስገቡ ኖይዝ ጌይኑ ከ17.5 ኪሎኸርዝ ጀምሮ ይወጣል፣ የፌዝ ማርጂኑ (ከመወዛወዝ የሚያርቀው ትርፍ) 14 ዲግሪ አካባቢ ይቀራል፤ ስኩዌር ዌቩ ጠርዝ ላይ ሲርገበገብ በኦሲሎስኮፕ ያዩታል። ፊድባኩ ላይ 100 ፒኮፋራድ በፓራሌል ማድረግ ያስተካክለዋል፣ ሲግናሉ ግን ከ16 ኪሎኸርዝ በላይ መድከም ይጀምራል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው አውትፑቱ ካልሞላ (ሊደርስበት የሚችለው ገደብ ላይ ካልቆመ) ነው። ግቤቱ 2 ቮልት ሆኖ አውትፑቱ −10.5 ላይ ቢቆም ኢንፑቶቹ እኩል መሆናቸው ይቀራል፤ ያኔ ማይነሱ ያለ 1 ኪሎው 0.86 ቮልት፣ ከ1 ኪሎው ጋር 86 ሚሊቮልት ላይ ይቀመጣል።