ግፊት በዘር ነው ወይስ በድስት? የቻይናዊው አማቴ ጨውና ፖታሲየም

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ባለቤቴ ቻይናዊ ሲሆን የምንኖረው ካናዳ ነው። ከሲቹዋን መጥተው አብረውን የሚኖሩት የ71 ዓመቱ አማቴ በየቀኑ ሎሳርታን የተባለውን የግፊት መድኃኒት እየወሰዱም የደም ግፊታቸው ከ155/90 አልወርድ ብሏል። ማዕድ ላይ ጨው ሲጨምሩ አይቼ አላውቅም። ዘመዶቻቸው «ግፊት በዘራችን ያለ ነው» ይላሉ። ባለቤቴ በቅርቡ ፖታሲየም ያለበት ጨው ገዝቶ መጥቷል፤ ልጠቀምበት?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የተገዛውን ጨው ለጊዜው ሳይከፍቱ ያቆዩት፤ ምክንያቱን ከታች አብራራለሁ።

አማትዎ ማዕድ ላይ ጨው አለመነስነሳቸው ብዙም አያረጋጋኝም፤ በቻይናውያን ቤት አብዛኛው ጨው የሚገባው ምግቡ በእሳት ላይ ሳለ ነውና። አንድ የሾርባ ማንኪያ የአኩሪ አተር ሶስ የጨው አንዱ ክፍል የሆነውን ሶዲየም 900 ሚሊ ግራም ገደማ ይይዛል፤ ይህም ከ2 ግራም በላይ ጨው ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው በመሆኑ፣ ሁለት ማንኪያ ሶስ ብቻውን የቀኑን ድርሻ ሊጨርስ ይቃረባል። የሲቹዋን ሰው የማይለየው፣ ከባቄላና ከቃሪያ ተብላልቶ የሚዘጋጀው ዱባንጂያንግ የተባለው ድልህ፣ በጨው ተዘፍዝፎ የቆየ አትክልትና የፈጣን ኑድል ቅመም ሲጨመሩ ደግሞ መጠኑ በቀላሉ እጥፍ ይሆናል።

ዘርን በተመለከተ፣ የቤተሰብ ታሪክ ድርሻ እንዳለው አልክድም። ሆኖም ከሲቹዋን ሳንወጣ ዪ የተባለውን ብሔረሰብ እንመልከት። በሊያንግሻን ተራሮች የሚኖሩ የዪ ገበሬዎች ላይ የተደረገውና ውጤቱ በ1991 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመው ጥናት፣ የገበሬዎቹ ግፊት ከዕድሜ ጋር እምብዛም እንደማይጨምር፣ ወደ ከተማ የፈለሱት ወገኖቻቸው ግን ከፍ ያለ ግፊት እንዳላቸው አሳይቷል። ዘራቸው አንድ ነው፤ የተለወጠው አኗኗራቸው ነው። የክብደት መጨመርም ድርሻ ነበረው፤ ነገር ግን ከተሜዎቹ ብዙ ሶዲየምና አነስተኛ ፖታሲየም ይመገቡ እንደነበር ችላ ሊባል አይገባም።

ሶዲየም በሰውነት ውስጥ ውሃ ይዞ ያስቀራል፤ ፖታሲየም ደግሞ ኩላሊት ሶዲየምን በሽንት እንዲያስወግድ ያግዛል፣ የደም ሥር ግድግዳም እንዲላላ ያደርጋል። ስለዚህ ጨው መቀነስ ብቻውን ግማሽ ሥራ ነው። ድንች፣ ስኳር ድንች፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ሙዝና ቅጠላ ቅጠል ጥሩ የፖታሲየም ምንጮች ናቸው። አትክልት በብዙ ውሃ ተቀቅሎ ውሃው ሲደፋ ፖታሲየሙ አብሮ ይሄዳል፤ ቻይናውያን በጥቂት ዘይት ቶሎ መጥበሳቸው በዚህ ረገድ የሚመሰገን ልማድ ነው።

አሁን ወደ ተገዛው ጨው ልመለስ። በገጠራማው ቻይና 600 መንደሮች፣ 21,000 ገደማ ሰዎች በተሳተፉበትና ውጤቱ በ2021 በወጣው ትልቅ ጥናት፣ ሩቡ ፖታሲየም ክሎራይድ የሆነ ጨው የተጠቀሙት ሰዎች በስትሮክ የመያዝ ዕድላቸው መደበኛ ጨው ከተጠቀሙት በ14 በመቶ ቀንሷል። ይህ ከልብ የሚያስደስት ውጤት ነው። ይሁን እንጂ ከባድ የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ሰዎች በጥናቱ አልተካተቱም። አማትዎ የሚወስዱት ሎሳርታን ራሱ በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ በዚህ ዕድሜ ደግሞ ኩላሊት ሳይታወቅ ሊደክም ይችላል። ከመጠን ያለፈ ፖታሲየም ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳይ የልብ ምትን ያዛባል፤ ሕይወትም ሊያሳልፍ ይችላል። ስለሆነም በቅድሚያ የክሬቲኒን (የኩላሊትን አሠራር የሚያሳይ) እና የፖታሲየም የደም ምርመራ ይደረግላቸው። ውጤቱ መልካም ከሆነ ሐኪማቸው ሊፈቅድላቸው ይችላል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ምርመራው ይደገማል። ኩላሊታቸው ደክሞ ከተገኘ ግን ጨዉን ይተዉት፤ ከላይ የዘረዘርኳቸውን ምግቦች መጠንም ሐኪሙ ይወስን።

እስከዚያው ሶሱን ከጠርሙሱ በቀጥታ ከማፍሰስ ይልቅ በማንኪያ ይለኩ፤ በየሳምንቱም ጥቂት ይቀንሱ፤ ምላስ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይለምዳልና። ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ኮምጣጤ ጣዕሙን ይደግፋሉ። አማትዎን ሳያማክሩ የምግባቸውን ጣዕም በድንገት አይለውጡባቸው፤ ከአገራቸው ርቀው ለሚኖሩ አዛውንት የለመዱት ምግብ ትልቅ መጽናኛ ነው። ሎሳርታኑን በራሳችሁ ፈቃድ አታቋርጡ። ግፊታቸውን ጠዋትና ማታ ለአንድ ሳምንት ለክተው ይመዝግቡና በቀጠሯቸው ቀን ይዘው ይሂዱ፤ መድኃኒቱ መጨመር ካለበት ሐኪሙ የሚወስነው ያንን አይቶ ነው። ግፊቱ 180/120 ደርሶ የደረት ሕመም፣ የአንድ ወገን መዛል ወይም የአንደበት መተሳሰር ከታየ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወዲያውኑ አምቡላንስ ይጥሩ።