ዕጣን የሚታጠንበት የእንግሊዞች ቤተ ክርስቲያን

ጥያቄ፦ ለንደን ያለችው እህቴ ማርጋሬት ጎዳና ላይ ካለው የ«ቅዱሳን ሁሉ» ቤተ ክርስቲያን ፎቶ ላከችልኝ። ካህኑ ካባ ደርቦ ያጥናል፣ ሻማ ይበራል፣ የእመቤታችን ሥዕልም አለ። ግን የአንግሊካን ነው ትለኛለች። እነሱ ፕሮቴስታንት አይደሉም እንዴ? ግድግዳውስ ለምን እንዲህ ተዥጎረጎረ? (ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ)

መልስ፦ አብሽሪ፣ እንግሊዞቹ ራሳቸው በዚሁ ጉዳይ ፍርድ ቤት ተካሰዋል። እህትሽ ልክ ናት፣ አንግሊካን ነው፤ ለሮሙ ፓፓ አይታዘዝም። በ1833 (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆች ነው) ኦክስፎርድ ላይ እነ ጆን ኬብል፣ ቆየት ብሎም ኤድዋርድ ፑዚ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ከሐዋርያት የወረደች እንጂ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይደለችም ብለው ተነሡ። ተከታዮቻቸው ደግሞ ልብሰ ተክህኖውን፣ ዕጣኑንና ኑዛዜውን መለሱ። ቀልድ እንዳይመስልሽ! ፓርላማው በ1874 ይህን የሚገታ ሕግ አወጣ፤ አርተር ቱዝ የተባለ ቄስም የፍርድ ቤቱን ትእዛዝ አልቀበልም ብሎ በ1877 ታሰረ። ለደሴ ሰው ይሄን ማስረዳት ይከብዳል መቼም።

ሕንፃው የዊልያም በተርፊልድ ሥራ ነው። የመሠረት ድንጋዩን በ1850 ያኖረው ያው ፑዚ ነው፤ በ1859 ተባረከ። ቦታው ጠባብ ነው፣ ሠላሳ ሜትር በሠላሳ ሜትር ቢሆን ነው። እዚያ ላይ ቤተ ክርስቲያኑንም ሌሎቹንም ቤቶች በአንዲት ትንሽ ግቢ ዙሪያ አጨቃቸው። ወደ ጎን መሄጃ ሲያጣ ወደ ላይ ወጣ፤ የሾለው ጉልላት 69 ሜትር ገደማ ነው።

ዥጉርጉሩ ቀለም አይደለም፣ ጡብ ነው። ቀላ ያለውና ጥቁሩ እየተፈራረቀ ተደርድሮ ነው፤ የሌማት ጥለት አብሮ እንደሚሰፋ ማለት ነው፣ ከላይ የተቀባ ነገር የለም። ለክብር ቤተ ክርስቲያን ድንጋይ በሚጠበቅበት ዘመን እሱ ጡቡን አፍጥጦ አሳየ። አስቀያሚ ነው ያሉም አልጠፉም፣ እኔ ግን ደፋርነቱን ወድጄለታለሁ። ደግሞ የተቀባው ነው የተጎዳው፦ ዊልያም ዳይስ በምሥራቁ ግድግዳ ላይ የሳላቸው ሥዕሎች ተበላሽተው፣ ኒኒያን ኮምፐር በ1909 ፊት ለፊታቸው በሳንቃ ላይ እንደገና ሳላቸው።

ከእኛ የሚለየው፣ መንበሩን የሚጋርድ መጋረጃ የለም። ዝቅ ያለ የእምነበረድ ግንብ ብቻ ነው ያለው፣ ስለዚህ ሕዝቡ ሁሉንም ያያል። እህትሽ ገብታ ብታይ ምንም አይደል፣ ጫማ አውልቂም አይሏትም። የቁርባኑን ነገር ግን የነፍስ አባቷን ትጠይቅ።