መጀመሪያ ድዳችሁን፣ ከዚያ ጥርሳችሁን

ለጥር ሰርግ፣ ለዒድ ወይም ለእረፍት ወደ ደሴና ኮምቦልቻ ለመምጣት ትኬት የቆረጣችሁ ወገኖቼ፣ ብዙዎቻችሁ ጥርስ የማሳመር ዕቅድ ይዛችሁ እንደምትመጡ አውቃለሁ። ቬኒር (ጥርስ ፊት ላይ የሚለጠፍ ስስ ሽፋን) ማስለጠፍ፣ ማስነጣት፣ የወለቀውን ማስተከል። ውጭ ያለው ዋጋ አይቀመስም፣ አገር ቤት ይሻላል ትላላችሁ። አልፈርድባችሁም። ግን ፈቃዳችሁ ብዙ ጊዜ ሦስት ወይም አራት ሳምንት ናት። ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ጥርስን በጥቂት ቀን ማሳመር ይቻል ይሆናል። የታመመ ድድ ግን በጥቂት ቀን አይድንም።

እኔ አሜሪካ ጥርስ ክሊኒክ ውስጥ በረዳትነት ለዓመታት ሠርቻለሁ። አሁን ኑሮዬ ደሴ ነው። ዘመድ ከውጭ ሲመጣ ጥርስ ሀኪም ዘንድ ይዤ የምሄደው እኔ ነኝ። ስለዚህ እንደ እህት እንደ ወንድም የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ለጥርሳችሁ ውበት ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ድዳችሁን አስመርምሩ። ታሞ ከተገኘም እስኪድን ጠብቁ።

የአክስቴ ልጅ ከጅዳ ስትመጣ ስድስቱን የላይኛ የፊት ጥርሶች ቬኒር ለማስለጠፍ ቆርጣ ነበር። ሀኪሙ መጀመሪያ ትንሿን መስታወት ይዞ የታችኞቹን የፊት ጥርሶች ጀርባ አሳያት። ቡናማ ድንጋይ ጥርስ ከጥርስ አያይዞ ቁጭ ብሏል። ከዚያ ሚሊ ሜትር የተጻፈበትን ቀጭን መለኪያ በድዷና በጥርሷ መካከል ቀስ አድርጎ እያስገባ ለነርሷ ቁጥር ይጠራ ጀመር። ሦስት፣ ሦስት፣ አምስት፣ ስድስት። መለኪያው በወጣ ቁጥር ደም ይከተለዋል። «ኧረ እኔ ምንም አያመኝም!» አለች። እውነቷን ነው። የድድ በሽታ ብዙ ጊዜ አያምም። ጥርሱ መነቃነቅ እስኪጀምር ድረስ ሰው ጤነኛ ነኝ ብሎ ይኖራል። እነዚያን ቁጥሮች እናንተም ብታውቋቸው ጥሩ ነው። ከአንድ እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር ደህና ነው። አራት ሲሆን ጥርጣሬ አለ። አምስትና ስድስት ከሆነ ከስር ያለው አጥንት መጎዳቱ በራጅ መታየት አለበት።

ስለ ድድ ስታነቡ «ጤነኛ ድድ ሮዝ ነው» የሚል ታገኛላችሁ። ለእኛ ይህ አይበቃም። የብዙዎቻችን ድድ በተፈጥሮው ጠቆር ያለ ነው፣ ጤነኛም ነው። ያም ብቻ አይደለም። የወሎ እናቶቻችንና አያቶቻችን ድዳቸውን በመርፌና በጥላሸት ይነቀሱ ነበር፤ ዛሬም የተነቀሱ ሴቶች ጥቂት አይደሉም። በጠቆረ ድድ ላይ ቅላት ቶሎ አይለይም። ስለዚህ ቀለሙን ትታችሁ ቅርጹን እዩ። ጤነኛ ድድ በጥርስና በጥርስ መካከል ሹል ብሎ ጥርሱን አጥብቆ ይይዛል። የታመመው ያብጣል፣ ጫፉ ይድቦለቦላል፣ ያብለጨልጫል፣ ሲነካ ይደማል። የተነቀሳችሁ ደግሞ ውጭ አገር ሀኪም ዘንድ ስትሄዱ ንቅሳት መሆኑን አስቀድማችሁ ንገሩት። የማያውቅ ሀኪም ጥቁረቱን አይቶ ሌላ በሽታ ሊጠረጥር ይችላል።

በሽታው የሚጀምረው ጥርስ ላይ በየቀኑ ከሚጋገረው ለስላሳ ቆሻሻ ነው። በደንብ ካልተጠረገ በቀናት ውስጥ ይጠጥርና ታርታር የምንለው ድንጋይ ይሆናል። አንዴ ድንጋይ ከሆነ ብሩሽም መፋቂያም አያነሳውም። ድዱ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ይደማል። እዚህ ደረጃ ላይ ከተያዘ ሙሉ በሙሉ ይድናል። ከተተወ ግን ድዱ ከጥርሱ እየተላቀቀ ኪስ ይፈጥራል፣ ጥርሱን የያዘው አጥንትም ይበላል። የተበላ አጥንት በራሱ ተመልሶ አይበቅልም። ህክምናው ጉዳቱ ባለበት እንዲቆም ማድረግ ነው። ቆመ ማለት ደግሞ ጥርሱ ለብዙ ዓመት አገለገላችሁ ማለት ነው።

ይህ ከውበት ጋር ምን አገናኘው ለምትሉኝ፣ በጣም ይገናኛል። ቬኒር ሲሠራ ከጥርሱ ፊት ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ ወይም ትንሽ የበለጠ ይሞረዳል፤ ክራውን (ጥርሱን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ቆብ) ከሆነ ዙሪያውን የበለጠ ይነሳል። የተሞረደው አይመለስም። ቀጥሎ ልክ ይወሰዳል። የሽፋኑ ጫፍ የሚያርፈው ድዱ ጠርዝ ላይ ነው። ድዱ የሚደማ ከሆነ ልኩ በትክክል አይወጣም፣ ማጣበቂያውም ደምና እርጥበት ላይ በደንብ አይዝም። እርጥብ ግድግዳ ላይ ቀለም እንደመቀባት ነው። ሌላም አለ። ያበጠ ድድ ከቦታው አልፎ ጥርሱን ይሸፍናል። በእብጠቱ ልክ ተሠርቶላችሁ ወደ አገራችሁ ትመለሳላችሁ። ከወራት በኋላ እብጠቱ ሲቀንስ ድዱ ወደ ላይ ይሸሽና በሽፋኑና በድዱ መካከል የጥርሱ ሥር ብቅ ይላል። ያኔ የሠራላችሁ ሀኪም ደሴ ነው፣ እናንተ ዳላስ ናችሁ። ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ የሚተከል ጥርስ) ከሆነ ነገሩ ይከፋል። ያልታከመ የድድ በሽታ ባለበት አፍ ውስጥ የተተከለው ጥርስም ዙሪያው ይቆጣል፣ አጥንቱ ይበላል፣ መጨረሻው መውለቅ ሊሆን ይችላል። ሽቦ ማሳሰርም እንደዚያው ነው። አጥንቱ እየተበላ ያለ ጥርስን በሽቦ መግፋት ጉዳቱን ያፋጥነዋል።

ፍንጭት የሚያስዘጉ ሰዎችን ሳይ ሁሌ የምጠይቀው ጥያቄ አለ። ፍንጭቱ ከልጅነት ነው ወይስ በቅርብ የመጣ? ከልጅነት ከሆነ እኛ ዘንድ ውበት ነው፣ ማስዘጋት አለማስዘጋት የእናንተ ፈንታ ነው። ድሮ ገጥመው የነበሩ የፊት ጥርሶች በአርባ ዓመት ላይ መለያየት ከጀመሩ ግን ሌላ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ ከስር አጥንት እየሄደ ነው ማለት ነው። ያንን ክፍተት በቬኒር መሸፈን በሽታውን መደበቅ ነው። ጥርሱ የረዘመ ከመሰላችሁ፣ ትንፋሻችሁ ከተለወጠ፣ ድዳችሁ መግል ካወጣ ዕቅዱን አቁሙና ስለ ድዳችሁ ብቻ አውሩ።

ህክምናው ራሱ አያስፈራም። መጀመሪያው ማሳጠብ ነው። ኪሱ ጥልቅ ከሆነ አደንዝዘው ከድዱ ስር ያለውን የጥርስ ሥር ያጸዳሉ። እዚህ ላይ ከሠፈር ሰው የምትሰሙት ወሬ አለ፤ «ጥርስ ከታጠበ ይላላል» የሚል። አይላላም። ድንጋዩ ሲነሳ ሞልቶት የነበረው ክፍተት ይገለጣል፣ ያበጠው ድድም ሰብሰብ ይላል፤ ሰው ጥርሱ የተበላሸ ይመስለዋል። ለተወሰነ ጊዜ ቀዝቃዛ ነገር ሊጠዘጥዛችሁ ይችላል፣ እሱም ያልፋል። «እየደማ ነው» ብሎ መቦረሽ ማቆምም ስህተት ነው። የሚደማው ስላልጸዳ ነው። በለስላሳ ብሩሽ ቀን ሁለቴ፣ ማታ ማታ ደግሞ በጥርስ ክር። ቁርጥ በልታችሁ ስቲኪኒ ድዳችሁ ውስጥ አትውጉ። መፋቂያ የለመደ ሰው ወይራውን አይተው፣ ጫፉን በደንብ አለስልሶ ጀርባውንም ጭምር ይፋቅ። ብዙ ሰው ፊቱን ብቻ ፍቆ ድንጋዩ ከኋላ ይከማቻል።

ፋርማሲ ገብቶ አሞክሳሲሊን ወይም ሜትሮ የሚባሉትን አንቲባዮቲኮች መግዛትን ተዉ። ለጥቂት ቀን ይረግብላችሁ ይሆናል፣ ድንጋዩ ግን እዚያው ነው። ነጭ ሽንኩርት ድድ ላይ ማሰርም ያቃጥላል፣ ያቆስላል። ጫትን በተመለከተ ደግሞ በግልጽ ልናገር። ከስንት ጊዜ በኋላ ከጓደኞቻችሁ ጋር ስትገናኙ በርጫው እንደማይቀር አውቃለሁ። ጫት አፍ ያደርቃል፤ ከጎኑ ስኳርና ለስላሳ አለ፤ ጉንጭ ውስጥ የሚቀመጠውም ለሰዓታት ነው። የሚቅሙ ሰዎች ድዳቸው የሚሸሸው በብዛት በሚይዙበት በኩል መሆኑን ደጋግሜ አይቻለሁ። ቢያንስ ድዳችሁ እስኪድን ተዉት። ሲጋራ ለምታጨሱ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ሲጋራ ወደ ድድ የሚሄደውን ደም ስለሚቀንስ በሽታው እያለም ላይደማ ይችላል። አልደማኝም ብላችሁ አትዘናጉ።

ስኳር ያለበት ሰው ለዚህ ነገር ሁለት እጥፍ ይጠንቀቅ። ስኳር የድድ በሽታን ያባብሳል፣ የታመመ ድድም ስኳሩን ለመቆጣጠር ያስቸግራል። ለግፊት አምሎዲፒን የሚወስዱ እናት አባቶቻችን ላይ ድድ አብጦ ጥርስን ሲሸፍን ይታያል። መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡ፣ ለሀኪሙ ንገሩት። ደም ማቅጠኛ የምትወስዱም እንዲሁ። እርጉዝ ከሆናችሁ ድዳችሁ ቶሎ ይቆጣል፤ መታጠቡ ይፈቀዳል፣ ቬኒሩና ማስነጣቱ ግን ልጁ እስኪወለድ ይቆይ።

አሁን ወደ ዕቅዱ። አሜሪካ ያላችሁ፣ ብዙ የጥርስ ኢንሹራንስ ማሳጠብን በዓመት ሁለት ጊዜ ይሸፍናል፣ ለውበት የሚሠራውን ግን አይከፍልም። ጀርመን ያላችሁ፣ የሕዝብ መድኑ ታርታር ማስነሳትን በዓመት አንድ ጊዜ ይሸፍናል። እንግዲህ ነጻ የሆነውን እዚያው ጨርሱ! ከመምጣታችሁ ሦስት ወር በፊት ታዩ፣ ታጠቡ፣ የኪሱን ልኬትና ራጁን ስልካችሁ ላይ ይዛችሁ ኑ። ሳዑዲ፣ ዱባይና ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶቼ ይህ ዕድል እንደሌላችሁ አውቃለሁ። እናንተ በመጣችሁ በመጀመሪያው ሳምንት፣ የዘመድ ጥየቃው ሳያልቅ፣ ሀኪም ዘንድ ሂዱ። ድዱ ተቆጥቶ ብቻ ከሆነ ከታጠባችሁ በኋላ በሁለት ሳምንት ገደማ ይረጋጋል፣ ሌላው ሥራ በፈቃዳችሁ መጨረሻ ይደርሳል። ጥልቅ ኪስ ካለ ግን እንደገና ተለክቶ ውጤቱ የሚታየው ከስድስት ሳምንት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ነው። ያኔ ቬኒሩ ለሚቀጥለው ጉዞ ይተላለፍ። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ መድረስ ቀላል ስለሆነ አንዱ ጋ ጀምሮ ሌላው ጋ የሚጨርስ አለ። አታድርጉት። የጀመረላችሁ ሀኪም ይጨርሰው። ኦፕራሲዮን የሚፈልግ ከሆነ ወደ አዲስ አበባ ሊልካችሁ ይችላል፣ አትደንግጡ።

ክሊኒክ ስትገቡ ሀኪሙን የምታውቁት በመጀመሪያ በሚያነሳው ዕቃ ነው። ድዳችሁን ሳይለካና ራጅ ሳያነሳ የቀለም ናሙና ካወጣ አመስግናችሁ ውጡ። ከጥርሴ ምን ያህል ይነሳል፣ ከተሰበረ ማን ይሠራዋል፣ በየስንት ጊዜው ልታይ ብላችሁ ጠይቁ። መሣሪያው የታሸገበት ፊታችሁ ይከፈት። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። ማስነጣት ብቻ የምትፈልጉም ብትሆኑ ድዱ ይዳን፤ ጄሉ የተቆጣ ድድ ሲነካ ያቃጥላል፣ የተገለጠ ሥር ካለም ያንዘፈዝፋል። ከነጣ በኋላ ደግሞ ለሁለት ቀን ያህል ቡና መተው ይመከራል። በወሎ ቤት ከአቦል እስከ በረካ ሳይጠጡ መውጣት ስለማይሆን፣ ማስነጣቱን ወደ መመለሻችሁ አድርጉት።

ሰርጉ ሳምንት ከቀረውና ምንም ካልጀመራችሁ፣ አብሽሩ፣ ታጠቡና ሂዱ። የታጠበ ጥርስ በራሱ ያምራል፣ ፎቶ ላይም ያበራል። ለቬኒሩ የያዛችሁትን ገንዘብ አታንሱት፣ ከታጠባችሁ በሦስተኛው ወር ባላችሁበት አገር ድዳችሁን አስለኩና ቁጥሩን ላኩልኝ።