የአንባቢያን ጥያቄ፦ ፍሳሹ ሲጠራ ቅንጣቱ ለምን ተለቀ?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የፍሳሽ ማጣሪያ ላይ እሠራለሁ። አሉም ጨምረን ከማዝቀጣችን በፊትና በኋላ ናሙና ወስደን በሌዘር መሣሪያ ስናስለካ፣ መካከለኛው የቅንጣት መጠን ከ28 ወደ 46 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ) አደገ። ውኃው ግን በዓይን ሲታይ ጠርቷል። መሣሪያው ተሳስቶ ይሆን?

መልስ፦ መሣሪያው ላይሳሳት ይችላል። የሌዘር መሣሪያ የሚያሰላው የቅንጣቶቹን ይዘት (የሚይዙትን ቦታ) እንጂ ብዛታቸውን አይደለም። አንዲት ባለ 100 ማይክሮን ቅንጣት የአንድ ሚሊዮን ባለ 1 ማይክሮን ቅንጣቶች ይዘት አላት። አሉም ደቃቁን አያይዞ ጥጥ የመሰለ ፍሎክ ያደርገዋል፤ አብዛኛው ይዘቅጣል፣ ከገንዳው የሚያመልጡት ጥቂቶቹ ግን መካከለኛውን ወደ ላይ ይስቡታል። ቁጥሩ የቀረው ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ይነግርዎታል፤ ምን ያህል እንደቀረ ግን አይነግርም። በሊትር ስንት ሚሊ ግራም ጠጣር እንዳለ ሳይታወቅ ሁለቱን ማወዳደር ከንቱ ነው።

ስለዚህ ይመዝኑ። ከጥሬው 100፣ ከጠራው 500 ሚሊ ሊትር ወስደው መጀመሪያ በ100 ማይክሮን ወንፊት፣ ቀጥሎ ቀድሞ ደርቆ በተመዘነ ባለ 1.2 ማይክሮን የመስታወት ፋይበር ማጣሪያ ያሳልፉ። የማቅለሚያ ፍሳሽ ጨው ይበዛዋል፤ ማጣሪያውን በ10 ሚሊ ሊትር ዲስቲልድ ውኃ ሦስት ጊዜ ካላጠቡት ጨውም አብሮ ይመዘናል። ከ103 እስከ 105 ዲግሪ ለ1 ሰዓት አድርቀው፣ በዴሲኬተር (እርጥበት በማያስገባ ዕቃ) አቀዝቅዘው ይመዝኑ፤ ክብደቱ እስኪረጋ ይደጋግሙት። በወንፊቱ ላይ የቀረውንም እንዲሁ።

ብዙ ጊዜ ስሕተቱ የሚጀምረው ናሙና ሲወሰድ ነው። ገንዳው 60 ሜትር ኩብ፣ ፍሰቱ በሰዓት 20 ሜትር ኩብ ከሆነ፣ የመውጫው ናሙና መወሰድ ያለበት ከመግቢያው 3 ሰዓት ያህል ዘግይቶ ነው። ፓምፕና ጠባብ ቧንቧ ፍሎክን ይሰባብራሉ፤ አፈ ሰፊ ጠርሙስ በቀጥታ ያጥልቁ። አይናጡት፤ በቀስታ ይገልብጡት። በሌዘር መሣሪያው ላይ ፍሎክን የሚበታትነውን የአልትራሳውንድ (የድምፅ ንዝረት) ቁልፍ ያጥፉ። ማቅጠን ካስፈለገ ከዚያው ናሙና የተጣራውን ውኃ ይጠቀሙ፤ ዲስቲልድ ውኃ የጨው መጠኑን ስለሚቀይር ፍሎኩ ሊበታተን ይችላል። በ4 ዲግሪ አቆይተው በዕለቱ ይለኩ፤ በረዶ ከሆነ ያ ናሙና አይሆንም።

የደብረ ብርሃንን ብርድም አይርሱት። የ10 ዲግሪ ውኃ ከ20 ዲግሪው በ30 በመቶ ያህል ይወፍራል፤ ቅንጣቱም የሚዘቅጥበት ፍጥነት በሩብ ገደማ ይቀንሳል። የጠዋት ናሙና ከከሰዓቱ የሚለየው በዚህም ነው፤ የውኃውን ሙቀት ሁልጊዜ ይመዝግቡ። የጠጣሩ ሚሊ ግራም ወርዶ ቅንጣቱ ከተለቀ አሉሙ ሠርቷል፤ የሚቀረው የመውጫው ጠርዝ ደረጃው የተስተካከለ መሆኑን ማየት ነው፤ ውኃው በአንድ በኩል ብቻ የሚፈስ ከሆነ ፍሎክ የሚያመልጠው እዚያ ነው።