የጀልባ ሞተር ነዳጅ ፓምፕ ሲግል፦ ጥያቄና መልስ

መልሶቹ ሌላ ካልተባለ በቀር የኤሌክትሪክ ፓምፕ ላለው የቤንዚን ሞተር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሞተሩ ግማሽ ሰዓት በደንብ ሄዶ ጉልበት ያጣል፤ ፓምፑም እጅ ያቃጥላል። አዲስ ፓምፕ ገጥሜ ያው ሆነ። አሁንስ ምን ልቀይር?

መልስ፦ ምንም አትቀይር፤ መጀመሪያ ለካ። ፓምፑን የሚያቀዘቅዘው በውስጡ የሚያልፈው ቤንዚን ነው። ከታንኩ በኩል መንገዱ ከጠበበ የሚያልፈው ነዳጅ ያንሳል፤ ግፊቱ የወረደበት ቤንዚንም በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ከዚያ በኋላ ፓምፑ የሚያዞረው ትነት ነው። አዲሱ ፓምፕም የተሸነፈው በዚሁ ሊሆን ይችላል።

በፓምፑ መግቢያ ላይ ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ፣ የመሳብ ኃይልን የሚለካ የቫኪዩም ጌጅና ቤንዚን የሚችል አንድ ስንዝር ብርሃን አስተላላፊ ቱቦ አስገባ። ጀልባው በሙሉ ፍጥነት ሲሄድ ጌጁ ከ2 ኢንች ሜርኩሪ (የጌጁ መለኪያ አሃድ) ብዙም ማለፍ የለበትም። ከፍ ብሎ አረፋ ከታየ መንገዱ ታፍኗል። ዝቅ ብሎ አረፋ ከታየ ደግሞ አየር እየገባ ነው፤ ፋሸታዎቹን (የቱቦ ማሰሪያዎቹን) እና የፊልትሮውን ጎሚኒ ፈትሽ። ቱቦው እሳት ስለማይችል ልክ እንደጨረስክ አውጣው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጌጁ 5 አሳየኝ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከቀላሉ። የታንኩን ክዳን ፍታ፤ ንባቡ ወዲያው ከወረደ የተዘጋው የታንኩ መተንፈሻ ነው። ሸረሪት ድር ያደራበታል። ካልወረደ ጌጁን ከፊልትሮው ወደ ታንኩ በኩል አዛውር፤ እዚያ ሲወርድ ጥፋተኛው ፊልትሮው ነው። እዚያም ከፍ ካለ ነዳጅ በራሱ እንዳይፈስ የሚያግደውን የታንኩን መውጫ ቫልቭና የመሳቢያውን ወንፊት እይ። ብዙ ሰው የሚረሳው ቱቦው ነው፦ አልኮል የተቀላቀለበት ቤንዚን የውስጡን ሽፋን ይልጠዋል፤ ውጪው ደህና መስሎ ውስጡ ይዘጋል።

ጥያቄ፦ ቫልቩን አውጥቼ ብተወውስ?

መልስ፦ በፍጹም! ቱቦው ከታንኩ በታች ቢቀደድ ቤንዚኑ ሁሉ ጀልባው ሆድ ውስጥ ይፈሳል። አጽዳው ወይም በልኩ ቀይረው።

ጥያቄ፦ ችግሩ የኤሌክትሪክ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ፓምፑ እየሠራ ቮልቱን በራሱ ጫፎች ላይ ለካ፤ ከባትሪው ጋር ያለው ልዩነት ከ0.5 ቮልት በላይ መሆን የለበትም። ከበለጠ ፖዘቲቩንና ማሳውን (የኔጋቲቩን መስመር) ለየብቻ ለካ። ዝገት የበላው የማሳ ጫፍ፣ ያረጀ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) እና የላላ የፊውዝ ቤት የተለመዱ ናቸው። አምፔሩም ይናገራል፦ ከመመሪያው በላይ ከወጣ ከፓምፑ በኋላ ታፍኗል ወይም ፓምፑ ራሱ ተጣብቋል፤ ከወረደና ከዋዠቀ፣ ፓምፑም ከጮኸ ትነት ወይም አየር እየሳበ ነው። የቴስተሩን ጫፎች ከመንካትህ በፊት ግን የሞተር ክፍሉን አየር አስወጣ፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ታች ይተኛል፣ አንዲት ብልጭታም ትበቃዋለች።

ጥያቄ፦ ሲሄድ ደህና ነው፤ አጥፍቼ ከ20 ደቂቃ በኋላ አልነሳ ይላል።

መልስ፦ ሞተሩ ሲጠፋ የማቀዝቀዣው ውሃም ይቆማል፤ የብረቱ ሙቀት ወደ ፓምፑና ወደ ቱቦዎቹ ይሄዳል። እርጥብ ጨርቅ ፓምፑ ላይ አድርግ፣ የሽቦ ማያያዣውን ሳታረጥብ፤ ቀዝቅዞ ከተነሳ ምክንያቱ ትነት ነው። መፍትሔው ካጠፋህ በኋላ የአየር ማስወጫውን ፋን ማሠራት፣ ቱቦውን ከጭስ ማውጫው ማራቅ ነው። በውሃ የሚሠራ የነዳጅ ማቀዝቀዣ ካለ የውሃ መንገዱን እጠብ፤ አሸዋና የውሃ ሣር ይዘጋዋል። ከማስነሳትህ በፊትም ፋኑ ቢያንስ 4 ደቂቃ ይሥራ።

ጥያቄ፦ የመኪና ፓምፕ ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም። የጀልባው ፓምፕ ብልጭታው ወደ ውጪ እንዳይወጣ ተደርጎ የተሠራ ነው።

ጥያቄ፦ የእኔ ናፍጣ ነው፤ ፓምፑ ሞተሩ ላይ ታስሮ ይግላል።

መልስ፦ ሞተሩ ላይ የታሰረ መካኒካል ፓምፕ መሞቁ ያለ ነው። ናፍጣ እንደ ቤንዚን ቶሎ አይተንም፤ ጉልበት ካነሰ ፊልትሮውን ቀይር፣ አየር የሚገባበትን ዝጋ፣ ከዚያም መስመሩን አየር አስተንፍስ።