ፎቶ ልከፍት ስል ለምን ጊምፕ ይመጣብኛል?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? ወደ ኡቡንቱ ሊኑክስ የገባሁት በቅርቡ ነው፣ ጊምፕን (የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራሙን) ከጫንኩ ወዲህ ፎቶ ደብል ክሊክ ሳደርግ እሱ ነው የሚከፈተው፣ አንድ ፎቶ ለማየት ያን ሁሉ መጠበቅ ሰለቸኝ። አንዱን ቀኝ ክሊክ አድርጌ ቀየርኩት፣ ጄፔግ ተስተካከለ ፒኤንጂ ግን ያው ነው፣ ጭራሽ ፒዲኤፍም በጊምፕ መከፈት ጀመረ። ሴቲንግ ውስጥ ዲፎልት አፕስ ጋ ገብቼ ባይ ፒዲኤፍ የሚል የለም። ጊምፕን ላጥፋው?

መልስ፦ አታጥፋው ወንድሜ፣ ያስፈልግሃል። ሊኑክስ ላይ አንድ ፕሮግራም ሲጫን እነዚህን እነዚህን የፋይል ዓይነቶች መክፈት እችላለሁ ብሎ ያስመዘግባል፣ ጊምፕ ደሞ ፒዲኤፍንም እንደ ምስል አድርጎ ማስገባት ስለሚችል እሱንም አስመዝግቧል፣ አንተ ይሄ ይሁን ብለህ ካልመረጥክ ሲስተሙ ከተመዘገቡት አንዱን ያነሳል። ምርጫህ የሚያዘው ደሞ ለፎቶ ተብሎ በጅምላ አይደለም፣ በማይም ታይፕ (ሲስተሙ ለእያንዳንዱ የፋይል ዓይነት በሚሰጠው መለያ ስም) ነው፣ ጄፔግ ለብቻው ፒኤንጂ ለብቻው ዌብፒ ለብቻው። አንዱ ተስተካክሎ ሌላው የቀረብህ ለዛ ነው።

ስለዚህ ከየዓይነቱ አንዳንድ ፋይል ፈልግና ቀኝ ክሊክ፣ ኦፕን ዊዝ፣ ፕሮግራሙን ምረጥ፣ ከመክፈትህ በፊት ግን ኦልዌይስ ዩዝ የምትለዋን ማብሪያ አብራት። ብዙ ሰው እቺን ይዘላታል፣ ከዘለልካት ምርጫህ ለዛች አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሰራው። ኬዲኢ (ሌላ የሊኑክስ ዴስክቶፕ ገጽታ) የምትጠቀሙ በዚህ ታድላችኋል፣ ሴቲንግ ውስጥ ፋይል አሶሲዬሽንስ ስትገቡ ሁሉም ዓይነት አንድ ቦታ ተደርድሮ ታገኙታላችሁ።

የመረጥከው ሁሉ የሚጻፈው ሆምህ (የራስህ ዋና ፎልደር) ውስጥ ኮንፊግ በሚባለው ድብቅ ፎልደር (ኮንትሮልና ኤች ስትጫን ይታይሃል) ማይምአፕስ በምትባል ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ላይ ነው፣ በግራ የፋይሉ ዓይነት፣ መሃል የእኩል ምልክት፣ በቀኝ ፕሮግራሙ። ኮፒዋን ያዝና ያልተስማማህን መስመር በኤዲተር ማስተካከል ትችላለህ። ይቺ ፋይል ያንተ የራስህ ናት፣ ሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያሠራው ትእዛዝ) የሚባል ነገር አያስፈልጋትም፣ ተርሚናል ላይ በሱዶ ብትቀይር የሚቀየረው የሩት (የሲስተሙ አስተዳዳሪ) ምርጫ ነው እንጂ ያንተ እንዳለ ነው።

አንድ ቀን ደሞ ፎልደር ስትከፍት ሌላ ፕሮግራም ከመጣብህ እንዳትደነግጥ፣ ፎልደርም እንደ አንድ ዓይነት ስለሚቆጠር ነው፣ እዛችው ፋይል ላይ ኢኖድ ዳይሬክተሪ የሚለውን መስመር ፈልግና ወደ ፋይል ማኔጀርህ መልሰው።